የሚስተር ቶማስ ክፍት በር

ጎረቤቴ እናኑ ሰሞኑን ሥራዬ ብላ የያዘችው የእኔን በር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ሲነሣ ነፋሱ ገለባውን ያመጣና አልጋዬ ላይ ሳይቀር ይበትነዋል። «አባባ፣ ምናለ ቢዘጉት? ቤቱ እኮ አውድማ ሆነ» ትለኛለች መጥረጊያዋን ይዛ። እስቃለሁ እንጂ አልዘጋውም። ምክንያቱን ልንገራት ብል በፎገራ ሜዳ የሩዝ ወሬ እንኳ ካልነበረበት ዘመን መጀመር አለብኝ፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ እንደቸኮለች ነው።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ከይፋግ በእግሬ መጥቼ ወረታ ሰባተኛ ክፍል ገብቻለሁ። እንደዚያ ዘመን ተማሪ ጢሜ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። የምኖረው እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ግቢ፣ ከጥጆቹ በረት ጋር በተያያዘች ጎጆ ነው። እናቴ የቋጠረችልኝን ድርቆሽ በውኃ እያራስሁ እበላለሁ። ብቻዬን መብላት የጀመርሁት ያን ዓመት ነው። ከወንድሞቼ ጋር እየተሻማሁ ነው ያደግሁት፤ የሚሻማ ሲጠፋ ለካ እህሉም ጣዕም የለውም።

የሒሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ቶማስ ከሕንድ አገር የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበሩ። ክርስቲያን ነኝ ቢሉም ሰዉ አላመናቸውም፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ብቻቸውን ቆመው ያስቀድሳሉ። አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ወጥተው ክረምት ያጠገበውን ሜዳ ሲያዩ ይቆያሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚያዩ ብንጠይቃቸው «ይህ የሩዝ መሬት ነው» አሉን። እኛ ከከብትና ከኑግ አበባ ሌላ የታየን ነገር ስላልነበረ ተሳሳቅን። የአገራቸው ናፍቆት መሆኑን የተረዳሁት እኔም ካረጀሁ በኋላ ነው።

ሌሎቹ መምህራን አለንጋ ነበራቸው፤ እሳቸው ግን አይዙም። በዚህ የተነሣ የእሳቸው ክፍል የለየለት ገበያ ነበር። ደግሞ እሺ ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ፤ እኛ አገር ይህ እምቢታ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሲጽፉ፣ ተነሥቼ እንደ እሳቸው ራሴን እያወዛወዝሁ ክፍሉን በሳቅ ገደልሁት። ዞር ሲሉ እንደቆምሁ ተያዝሁ። አልጮኹብኝም። ፊታቸው ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ። «ውጣ» አሉኝ በአማርኛ፤ ቀጥለውም በእንግሊዝኛ «ዝግጁ ስትሆን መጥተህ ንገረኝ» አሉ።

ቢገርፉኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። በእኛ ወግ ያስቀየመ ሰው ብቻውን ሄዶ ከተቀየመው ፊት አይቆምም፤ ያ ሌላ ድፍረት ነው። ሽማግሌ ይልካል። እኔ ደግሞ ወረታ ላይ ሽማግሌ የሚሆነኝ ዘመድ አልነበረኝም። አባቴ ከሰማ ወደ እርሻ እንደሚመልሰኝ አውቃለሁ፤ አጨዳ ደርሶ ሰው ቸግሮታል። ትምህርቴ በዚህች በአንዲት ቀልድ ሊቀር ነው።

በየጠዋቱ እየሄድሁ ከክፍሉ ፊት ለፊት ካለው ዋንዛ ሥር እቀመጥ ነበር። የክፍሉ በር ክፍት ነው። ነፋሱ አቧራ እያስገባ ልጆቹን ያስላቸዋል፤ አንዱ ሊዘጋው ሲነሣ ሚስተር ቶማስ በእጃቸው ምልክት ያስቀምጡታል። ሌሎቹ ሲማሩ እያየሁ እንድቃጠል መስሎኝ እጅግ ጠላኋቸው። ጓደኞቼም ከእኔ ጋር መታየት ፈሩ። ጎጆዬ ስገባ የማናግረው ጥጃ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ትርንጎ ድርቆሹ ሳይነካ መዋሉን አዩና «ምን ሁነህ ነው አንተ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ታዲያ እስተዛሬ ዝም ያልኸው ሰው የለኝም ብለህ ነው? እኔ ምንህ ነኝ?» ብለው ተቆጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙንና ጎረቤታቸውን አያ አድማሱን ይዘው መጡ። እንደ ወጉ አንገቴ ላይ ድንጋይ አሸከሙኝና ወደ ሚስተር ቶማስ ቤት ሄድን።

ብቻቸውን ምሳ እየበሉ ነበር። አጎንብሼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ሲያዩኝ ክው አሉ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአንገቴ አወረዱት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተበዳይ ሳይለመን ድንጋይ ሲያወርድ አይተው አያውቁም።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ስላልነበረ ጥፋተኛውም አስተርጓሚውም እኔው ሆንሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መደቡ ላይ ተቀመጥን፤ እሳቸው ከፊታችን ወንበራቸው ላይ።

«ልጃችን አጥፍቷል፤ ስለ እመቤታችን ብለው ይቅር ይበሉት» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ሚስተር ቶማስ ራሳቸውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ።

«ወየው፣ እምቢ አሉ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«አይደለም፤ እሺ ማለታቸው ነው» አልሁ። አፈርሁ።

ሚስተር ቶማስ ወደ እኔ ዞረው «ሰዎቹን ለምን አደከምህ? በሩን በየቀኑ ክፍት የተውሁት እኮ ለአንተ ነበር» አሉኝ። ይህን መተርጎም አቃተኝ። 

ቄሰ ገበዙ እርቁን ከመጨረሳቸው በፊት «የእሳቸውስ ወገን ማን ነው? እርቅ በአንድ ወገን ብቻ አይሆንም፤ ጠይቅልን» አሉ። ጠየቅኋቸው። ሚስተር ቶማስ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ሰሐን። ከዚያ በአማርኛ «ማንም የለ» አሉ።

 እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ተሻግረው ሚስተር ቶማስ አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው የእሳቸው ወገን እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ለአንተ እነዚህ ሁለቱ ይበቁሃል።»

ሚስተር ቶማስ፣ እትዬ ትርንጎ ምን እንዳሉ ሲጠይቁኝ ነገርኋቸው። ምግብ ባልነካው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንደገናም ራሳቸውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ። የሳቀ የለም።

በማግሥቱ ገብቼ ቦታዬ ላይ ስቀመጥ፣ ሚስተር ቶማስ ሄደው በሩን ዘጉት። ክረምት ሲገባ ከወረታ ተዛወሩ፤ ወዴት እንደደረሱ አልሰማሁም። የሩዝ መሬት ነው ያሉት እውነት መሆኑን እንኳ የምነግርበት አድራሻ የለኝም።

ባሕር ዳር ያለው ልጄ ካስቀየመኝ ወዲህ እግሩን ከዚህ ቤት አንሥቷል። ይመጣል እያልሁ በሬን ከፍቼ ገለባ እጠግባለሁ። ትናንት ግን ያ ዋንዛ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ለእኔ መከፈቱን አላወቅሁም ነበር። ልጄ ደግሞ በሩንም አያየው።

ነገ እናኑ ስትመጣ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ለእርቁ ሰው ትሆነኝ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። እሱ ከገባ በሩን እኔው እዘጋዋለሁ።