ሰባት ላይ አንድ የሚመታው ሰዓት

አያቴ ካረፉ ወዲህ ሰዓታቸውን መንካት እፈራ ነበር። ቤተሰቤ ከጎንደር መጥቶ በሚኖርበት በሀዳር ሰፈር፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ፣ በቁልፍ የሚሞላ የግድግዳ ሰዓት ነው። ትንሹ ቆጣሪ ሰባት ላይ ሲደርስ ደወሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ ይህን ስትሰማ "አባዬ" እያለች ትቀሰቅሳቸው ነበር። ሰዓት ሠሪው "ተበላሽቷል፣ ላስተካክለው" ቢላቸው ሳቁበት። እንዲያ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። "ለዓይኔ የዚህ አገር ሰዓት ይበቃኛል፤ ለጆሮዬ ግን የጎንደሩን ተዉልኝ" ይሉ ነበር።

በቀደም አዛቃው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ እናቴ ይወድቃል ብላ ሰዓቱን ከግድግዳው አወረደችው። ከመጠለያው ተመልሰን ስንሰቅለው ሰባት ላይ አራት መታ። የዚህ አገርም አይደለም፣ የሳቸውም አይደለም።

እንዲህ ሲዛነፍ አያቴ ከውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ በጣታቸው ብድግ ያደርጓት ነበር። ባነሷት ቁጥር ደወሉ ቀጣዩን ሰዓት ይመታል፤ የሚፈልጉት ላይ ሲደርስ ይተዉታል።

"ከነካሽው አይቀር ከቆጣሪው ጋር አስማሚው፣ ቤሰደር? እሺ?" አለኝ አባቴ ዕብራይስጥ እየቀላቀለ፣ ዛሬ ጠዋት ሰባት ሳይሞላ ወደ ሥራ ሲወጣ ክዳኑን ስከፍት አይቶ።

ሽቦዋን በጣቴ ያዝኩ። ብሰብራትስ? ለዘላለም ዝም ቢልስ? እንደ ምንም ብዬ ደወሉን አሥራ ሁለት እስኪመታ አደረስኩትና ክዳኑን ዘጋሁ።

ሰባት ሲሆን ሰዓቱ ፊት ቆምኩ። አንድ መታ።

"አባዬ፣ ይነሡ እንጂ፣ ነጋ እኮ!" ስትል እናቴ ከማድ ቤት ተጣራች።

ከዚያ ሁለታችንም፣ ሳንተያይ፣ መልስ ጠበቅን።