ተብለጽ እና የኪሊማኒው የእንጨት ደረጃ

በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሆሳዕና ዕለት፣ የታክሲ ሹፌሩ ሱራፌል የጾም በያይነቱን አጣጥሞ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው የአስናቀች ምግብ ቤት በእንጨት ደረጃው ሲወርድ ቀኝ እግሩ ስምንተኛው መርገጫ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። እግሩ ተላጠ እንጂ አልተሰበረም። ጩኸቱ ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉትን የማታቱ ሚኒባስ ወያላዎች ሳይቀር ሰበሰበ። ወሬው በሞባይል ኢምባካሲ ሰፈር፣ ተብለጽ ዘንድ ሲደርስ እሱ ገና እግሩን አላወጣም ነበር።

ያንን ደረጃ የሠራችው ተብለጽ ናት። አዎ፣ ሴት ናት፣ አናጺም ናት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ ብዙ ሰው ቀድሞታል። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ መጋዝ ያስያዟት ወንድ ልጅ ያልነበራቸው አባቷ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራዊት ነሽ ተብላ ከተወለደችበት ከተማ ስትባረር በእጇ የነበረው የአባቷ መላጊያና ሦስት መሮ ብቻ ነበር። አስመራን አልለመደቻትም፤ ናይሮቢ ገባች። እዚህም አልጋ ሥሪልን፣ መደርደሪያ ሥሪልን የሚላት አላጣችም። ውጭ የሚቆም፣ ዝናብ የሚመታውና ሰው የሚወጣበትን ሥራ ግን ማንም አምኖ አልሰጣትም፤ በ2002 አስናቀች እስክትሰጣት ድረስ። ከግቢው ወደ ፎቁ ምግብ ቤት የሚያወጣ፣ አሥራ ዘጠኝ መርገጫ ያለው፣ እንግዳ ሁሉ የሚጠቀምበት ደረጃ ነው። ያ ደረጃ ከፈረሰ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሥራ እንደማታገኝ ታውቀዋለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደገና ራሷን ለማስመስከር ዕድሜም ትዕግሥትም የላትም።

ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ንጁጉና ቀድሟት ቆሟል። የሕንጻው ባለቤት ውጭ አገር ስለሚኖር ሕንጻውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ጃንጥላውን ይዞ የተሰበረውን መርገጫ በጫማው ጫፍ እየነካካ በስዋሂሊ ያወራል።

“ቅዳሜ በያጆች ይመጣሉ። ይሄ ይነሳል፣ የብረት ይተከላል። እሁድ ምግብ ቤቱ ይዘጋ።”

አስናቀች እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሁድ ፋሲካ ነው፤ መቶ ሃያ ሰው ጠርታለች። ተብለጽን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ ተማጸነቻት።

“እትዬ ተብለጽ፣ በእናትዎ፣ እንጨት ሻጩ ነው ያታለለኝ ይበሉት። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ሌላ ዕድል ይሰጠን ይሆናል። ሻጩ እንደሆነ እዚህ የለ፣ ምን ይጎዳል?”

ተብለጽ ከቦርሳዋ ካቻቪቴ አውጥታ ከታች ጀምራ እያንዳንዱን መርገጫ መውጋት ጀመረች። ደህና እንጨት ካቻቪቴ አያስገባም። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ አላስገቡም። ዘጠነኛው ዋጠው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስት ሌሎች ዋጡት። ከተሰበረው ጋር አምስት መሆናቸው ነው። ግራና ቀኝ መርገጫዎቹን የተሸከሙትን ሁለት ወራጆች ወጋቻቸው፤ ጠንካራ ናቸው። በድንጋይ ላይ ያቆመቻቸውን ቋሚዎችም ወጋች፤ እነሱም ጠንካራ ናቸው። ተመልሳ ከተሰበረው መርገጫ ላይ ቀለሙን ፋቀችው። ነጭ ተነሣ፣ ከሥሩ ሌላ ነጭ፣ ከሥሩ ሌላ ነጭ። የሦስት ፋሲካ ቀለም ነው። የመጨረሻው ሲላጥ እንጨቱ እንደ ረጠበ ዳቦ በእጇ ፈረሰ።

ያኔ ገባት፤ ገብቷትም አመማት። አዲስ አበባ ቤት የሚታደሰው፣ በር የሚቀባው ለበዓል ነው። እዚያ ለፋሲካ የተቀባ በር ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። ናይሮቢ ግን ፋሲካ የሚውለው ትልቁ ዝናብ መሐል ነው። ደረጃውን በ2002 የጨረሰችው በሕማማት ሳምንት ነበር። ለበዓል እንዲደርስ ብላ ዝናብ የጠጣውን ሳንቃ ወፍራም የዘይት ቀለም አለበሰችው። ውሃው መውጫ አጣ። በየዓመቱ በዚያው ሳምንት እየመጣች ደገመችው፤ አስናቀች ትመርቃታለች፣ እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሳንቃዎቹንም አጠጋግታ ስለመታቻቸው በመሐላቸው ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። ለሦስት ዓመት በገዛ ብሩሿ እንጨቱን ስታበሰብስ ኖራለች።

ቀና አለች። ንጁጉና አለ፣ አስናቀች አለች፣ እግሩን በፋሻ የጠቀለለው ሱራፌልም አለ። ሦስቱም እንዲሰሙ በስዋሂሊ ተናገረች።

“እንጨት ሻጩ ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የኔ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም ቀባሁ፣ ሦስት ጊዜ። ደረጃው ግን አይፈርስም።”

ንጁጉና ግራ ተጋባ። ጥፋቱን ያመነ ሰው አንገቱን ይደፋል ብሎ ነበር የሚጠብቀው። “ማማ፣ ጥፋተኛ ነሽ ካልሽ ምን ቀረ?”

“የበሰበሱት አምስት ናቸው። ወራጆቹ ደህና ናቸው፤ እንካ፣ ራስህ ውጋው።” ካቻቪቴውን ዘረጋችለት። “አምስቱን እቀይራለሁ፣ ሌሎቹን እልጣለሁ። ብረቱም ቢሆን የሚንከባከበው ካጣ ይዝጋል።”

ወጋው። አልገባለትም። ሌላ ቦታ ወጋ፤ አልገባለትም። ካቻቪቴውን መለሰላትና “እሁድ መቶ ሃያ ሰው ቢወጣ ማን ዋስ ይሆናል?” አላት።

“እኔ። ሰው ሲወጣ እኔ ከሥሩ እቀመጣለሁ።”

ንጁጉና ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። “እስከ ቅዳሜ ጠዋት” አለ።

“እስከ ሐሙስ ማታ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ መዶሻ አልነካም።”

አስናቀች ዓይኗን ጨፈነች። የተሰጣትን ቀን ቀንሳ የምትመልስ ሰው አይታ አታውቅም።

ተብለጽ ኢምባካሲ ባለው ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተደገፉ፣ ምቩሌ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የሆኑ ስድስት ሳንቃዎች ነበሯት። ኪሊማኒ ውስጥ አሮጌዎቹ ቪላዎች እየፈረሱ በፎቅ ሲተኩ፣ ከአንዱ ቤት ወለል ላይ ስትነቅል የዋለቻቸው ናቸው። ለራሷ አልጋ ነበር ያስቀመጠቻቸው፤ ለሰው አልጋ ስትሠራ ኖራ እሷ የምትተኛው በሽቦ አልጋ ላይ ነውና። ማክሰኞ ጭና አመጣቻቸው። ሳንቃዎቹን ቆርጣ ለአንድ መርገጫ ሁለት ሁለት አደረገች። በሁለቱ መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወች፤ ውሃው እንዳይተኛም ወደ ፊት ትንሽ አዘነበለቻቸው። ሚስማሩን ትታ በቡሎን አሰረች፤ ነገ የላላውን ማጥበቅ፣ የሞተውን መቀየር እንዲቻል። ደህናዎቹንም ነቅላ፣ ቀለማቸውን እስከ ሥጋቸው ልጣ፣ እንደ አዲሶቹ አራርቃ መለሰች። ዝናቡ አላቆመም፣ እሷም አላቆመችም። ረቡዕ ወገቧ አልታዘዝ ስላላት ተንበርክካ ሠራች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስናቀች አንድ ጋሎን ነጭ ቀለም ይዛ ብቅ አለች።

“አይሆንም” አለች ተብለጽ፣ ቀና ሳትል።

“እትዬ፣ በፋሲካ እንዴት እርቃኑን ይቁም? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ሊወጣበት ነው የሚመጣው፣ ሊያገባው አይደለም። ጥር ይምጣ፣ ፀሐይ ያግኘው፣ የተልባ ዘይት አጠጣዋለሁ። በየዓመቱ ጥር ላይ። እስከዚያ የሚወድቅበትን ቅጠል እየጠረግሽ ዝም በዪው።”

አስናቀች ቀለሙን ይዛ ተመለሰች፤ ቅር ብሏታል። ይበላት።

እሁድ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረው ሰው ተኝቶ ተነሥቶ፣ ከቀትር በኋላ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ዝናቡም አብሮ መጣ። ተብለጽ የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች በርጩማ ወስዳ ከደረጃው ሥር፣ ከስምንተኛውና ከዘጠነኛው መርገጫ በታች ተቀመጠች። ፈርታ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፣ ግን ባለፈውም ጊዜ ሥራዋን የምታውቅ መስሏት ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ሱራፌል ነው። ሥር ተቀምጣ ሲያያት ቆመ። “እትዬ፣ ከዚያ ይነሡ። እኔ ክብደቴን አውቀዋለሁ።”

“እኔም አውቀዋለሁ፤ ለክብደትህ ነው የሠራሁት። ውጣ።”

ወጣ። እንጨቱ አንዴ እንኳ አልጮኸም። ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ ቀጥሎ ድስት የተሸከሙ ሁለት ወንዶች። ከሥር ሆና የምታየው የጫማ ሶል ብቻ ነበር። ዝናቡ ሳንቃዎቹ ላይ ሳይተኛ በክፍተቶቹ እየሾለከ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ውሃው አናቷን ሲመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ደስ አላት። እንጨቱ ውስጥ የሚቀር ውሃ የለም፤ ሁሉም እሷ ላይ እየወረደ ነው።

አስናቀች ከላይ ሆና ትጣራለች። “እትዬ ተብለጽ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ይውጡ እንጂ!”

“ሁሉም ይውረድ መጀመሪያ” አለች ተብለጽ።

አስር ሰዓት ላይ ንጁጉና መጣ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ረጥባለች። ጃንጥላውን ሊሰጣት ዘረጋ፤ በእጇ መለሰችለት። ደረጃው ላይ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከአናቷ በላይ የሰውየው ትልቅ ጥቁር ጫማ ከፍ ሲል አየችው፤ በሙሉ ኃይሉ አንዴ ረገጠ። ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ፣ ሳንቃው ግን ንቅንቅ አላለም።

ተብለጽ ዓይኗን አልጨፈነችም። ፊቷንም አልጠረገችም።

“ድገመው” አለችው።