ጨው ማለት ያቃተው ላፕቶፕ

አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሮጌ ላፕቶፓቸውን እንድጠግንላቸው ከሰበታ ቡራዩ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የላፕቶፑን ስክሪን ሳክም ከረምኩ። ይህን ጅልነቴን እስከ ዛሬ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

ሱቄ አምቦ መንገድ ዳር፣ የብረት በር በሚበይዱ ሰዎችና በአንድ ፀጉር ቤት መሀል ተሰንቅራ ያለች ናት። ጎረቤቶቼ ስልክ ሲጠግኑ እኔ ልቤ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። እንደ ብሎኬት የሚከብድ፣ ሲከፈት እንደ አሮጌ ቁም ሳጥን የሚንቋቋ ዓይነት። ሰፈሩ ሱቄን «ሬሳ ቤት» ይላታል። ይበል፤ ስንቱ ሬሳ በእግሩ ቆሞ ከዚያ እንደወጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ደፉን በዘንጋቸው መታ መታ አድርገው ገቡና «አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ እንደ ልጃቸው ደህንነቴን ጠየቁኝ። ብቻዎን እንዴት መጡ ብላቸው፣ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ ይባላል፤ እኔ ይኸው ቡራዩ ደረስኩ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉትና «ዝም አለ» አሉኝ።

በእኛ ሙያ «ዝም አለ» ማለት ሞተ ማለት ነው። ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እሳቸው ግን ቃሉን በቁሙ ነበር የተናገሩት።

ነገሩን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ላፕቶፑ የተጻፈለትን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ድምፁ የፈረንጅ ወንድ ድምፅ ነው፤ አማርኛ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እሳቸውና ባለቤታቸው ግን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፉለት ሃያ ዓመት ሲያስነብቡት ኖረዋል። እሱም «ጠ»ን «ተ»፣ «ጨ»ን «ቸ»፣ «ቀ»ን «ከ» እያለ ይኮላተፍላቸዋል። ከጊዜ ብዛት እነሱም ለመዱትና ቤታቸው ውስጥ ጨው «ቸው» ሆኖ ቀረ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ወራቸው ነው። ታመው ሳሉ አንድ ነገር ጽፈውላቸው «እኔ ስሄድ ስማው» ብለዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ አርባዋ ይውጣ ብለው አቆዩት። አርባው ወጥቶ ሲከፍቱት ማሽኑ ዝም።

ታዲያ ምን ያደክመናል፣ እኔው ላንብብልዎት አልኳቸው።

«ሚስቴ ለእኔ የጻፈችውን በሰው ወንድ አፍ አልሰማም» አሉኝ።

ፈረንጁስ ወንድ አይደለም ወይ ብላቸው፣ «እሱ ቤተሰብ ነው» አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቼ ነው ያጠፋሁት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስከፍተው ስክሪኑ ጨለማ ነው። የጨለመ ስክሪን ሳይ ጆሮዬ ይደፈናል፤ ክፉ አመል ነው። ዝም አለ ያሉት ይህን ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚያ ዕድሜ ላለ ላፕቶፕ ስክሪን አይገኝም፤ እኔ ግን ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ከአንድ ወዳጄ ዕቃ ማከማቻ፣ ዶሮ የተኛበት የላፕቶፕ ሬሳ አገኘሁ። ስክሪኑን ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ገጠምኩ። ሲበራ በደስታ በያጆቹን ሳይቀር ጠርቼ አሳየሁ። ከዚያ ሽማግሌውን ስልክ ደውዬ አስመጣኋቸው።

«ይዩት፣ ቁልጭ ብሏል» አልኳቸው በኩራት።

እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱት። «ሞቅ ብሏል» አሉ። ቀጥለው፣ «ለማን ነው ያበራኸው?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው አልተቆጡም፤ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡና እዚሁ እጠብቃለሁ አሉ። አፍሬ የላፕቶፑን ሆድ ከፈትኩ። የድምፁን መስመር ከአሮጌ ካፓሲተር የፈሰሰ አሲድ በልቶታል፤ ስፒከሩም ተቀዷል። መስመሩን በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ በየድኩ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ ስፒከር አውጥቼ ገጠምኩ። ውስጥ አልገባ ስላለኝ በጎን በኩል በሽቦ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያምራል አልልም፤ እሳቸው እንደሆነ ቅር አይላቸውም።

ወደ አመሻሹ አንጎራጎረና መናገር ጀመረ። ልወጣላቸው ብነሳ፣ ቢበላሽ ማን ያስነሳዋል ብለው አስቀመጡኝ። ኑዛዜ ወይ የቆየ ምሥጢር ጠብቄ ጆሮዬን አቆምኩ። ፈረንጁ እንዲህ አለ፦

«አንተ ሰውዬ። ስኳሩ ከላይ ነው፣ ቸው ከታች። ደግሞ ደባልከህ ሻይ ውስት ቸው ትቸምርና እኔን ትወክሳለህ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ዛሬ ጠዋትም ቸው ጨምሬ ጠጥቻለሁ አሉኝ። ፈረንጁ ቀጠለ። ጋቢው ከየትኛው ሳጥን እንዳለ፣ የጓሮው ቁልፍ የት እንደተሰቀለ፣ የትኛው ጎረቤት ሲያወራ እንደማያቆም ተናገረ። እኔም እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ደከመኝ። ነገ እከትላለሁ።»

ሌላ አልመጣም። ስፒከሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሽቦውን ልነካካ እጄን ስሰድ ክንዴን ያዙኝ።

«ማሽኑ ደህና ነው፣ ልጄ። ዝም ያለችው እሷ ናት።»

 ኋላ ከስኳሩ ጀምሬ እንዳስደግምላቸው ጠየቁኝ፤ አስደገምኩላቸው።