በቴሌግራም የመጣ መርዶ

ልጄ የምትሠራበት ድርጅት፣ በኮምፒውተር ስለሚመጣ የውሸት ደብዳቤ ሁለት ቀን ሙሉ አሠልጥኗት ተመለሰች። ኢሜይሉ ከአለቃሽ የመጣ ይመስላል፣ ያስደነግጥሻል፣ ያጣድፍሻል፣ አንቺ ግን እሺ ከማለትሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ ተብላለች። ሳቄ መጣ። "ምን ያስቅሻል?" ብላ ኮስተር አለችብኝ። እኔ እኮ ይሄንን ሥልጠና በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ እያለቀስኩ ነው የወሰድኩት።

ያኔ የምሠራው መጋላ ሰፈር፣ አንዲት የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ሱማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፣ ስለዚህ ደብዳቤውንም ቴሌግራሙንም የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳይቀር "አንተ" ነበር የሚሉት፤ ድሬ ነዋ! እኔ ግን የባቡር ሠራተኛው አባቴ በቁጣ ያሳደገኝ ስለሆንኩ "እርስዎ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "ማንን ነው የምታናግሪው? ሌላ ሰው አለ እንዴ?" እያሉ ዞር ዞር ብለው ይፈልጉ ነበር።

በዚያ ዓመት የከተማው ሌባ ቴሌግራም ለምዶ ነበር። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴ፣ "ዕቃውን ለአምጪው ስጥ" የሚል ቴሌግራም በወንድሙ ስም ከአዲስ አበባ ደረሰው። የመደብሩን ጨርቅ በገዛ እጁ ለሌባ ጭኖ ሸኘ፤ ያውም ምሳ ጋብዞ! ደብዳቤ ቢሆን ፊርማና ማኅተም አለው፤ ቴሌግራም ላይ ያለው የላኪው ስም ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ላኪው "ነኝ" ያለው ስም። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ሁሉ ነቃ።

ሐጂ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝና፣ "በኔ ስም ዕቃ ስጪ የሚል ቴሌግራም ከመጣ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም" አሉኝ። ዘመዶቻቸው አጉረመረሙ። የሥጋ ዘመድ ሞልቶ ለባዕድ ልጅ ቁልፍ ይሰጣል እንዴ? ሐጂ ግን "ልጄ ናት፤ ጨረስኩ" ብለው ባቡራቸውን ተሳፈሩ። መደብሯ የዕድሜ ልክ ልፋታቸው ነበረች፤ ሌላ ምንም የላቸውም።

ነጋዴ ሲነቃ ሌባም አብሮ ይነቃል ለካ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ቴሌግራም መጣ። "ሐጂ አረፉ። ቁልፉን ለወንድማቸው ልጅ አስረክቢ። ዕቃው ዛሬውኑ ይጫን።" የተላከው ሐጂ አዲስ አበባ በእንግድነት በተቀመጡበት በአንድ የመርካቶ ነጋዴ ስም ነው። ሐጂ ያስጠነቀቁኝ በራሳቸው ስም ስለሚመጣው ነበር፤ የሞተ ሰው ደግሞ ቴሌግራም አይልክም።

"ወይኔ አባቴ!" ብዬ ጎማ ላይ ዘፍ አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጎልማሳ ገባ። ደጅ ላይ የጭነት መኪናው ሞተሩ አልጠፋም። "የወንድማቸው ልጅ ነኝ፣ ከጅጅጋ ነው የመጣሁት፣ ቁልፉን" አለና እጁን ዘረጋ። እኔ ደግሞ፣ ጉዴን ልንገራችሁ፣ ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ይዤው ነበር።

ያ የተዘረጋ እጅ ነው ያነቃኝ። በእኛ አገር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ መርዶ እንዲህ አይረዳም። መጀመሪያ "ትንሽ አሟቸዋል" ይባላል። ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመጣል፤ አንዱ ውኃ ይዞ፣ አንዱ የሐዘንተኛውን ክንድ ደግፎ። በወረቀት? ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት? ለዚያውም ከሚስታቸው በፊት? ይሄ ሰውዬ አልተቀመጠም፣ "አይዞሽ" እንኳን አላለኝም። እኔ ሳለቅስ እሱ የሚያየው ቁልፉን ነው።

"ሽማግሌዎቹን ልጥራ፤ በነሱ ፊት ትረከባለህ" አልኩት።

"እህቴ፣ መኪናው ይቸኩላል።"

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ብዬ አስወጥቼው በሩን ቆለፍኩ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

መንገድ ላይ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ ብሄድና ውሸት ቢሆን፣ በሰው ቤት ሞት ይዤ መግባቴ ነው፤ የሐጂ ሚስት ልባቸውን ያማቸዋል፣ ጩኸቱ ብቻ ይገድላቸዋል። እውነት ቢሆንስ? አባቴ የምለው ሰው ሞቶ፣ ሐዘንተኛ ደጅ ላይ አቁሜ ሌባ ነህ ማለቴ አይደል?  ለማንም ሳልተነፍስ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግሬ ቴሌ ገባሁ።

የአዲስ አበባ ስልክ ተራ ይያዝለታል። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጎለትኩ። "መስመር የለም፣ ጠብቂ" ትላለች ስልከኛዋ። የማውቃት ሴት አልፋ "ምነው ዓይንሽ ቀላ?" ስትለኝ "አቧራ ነው" አልኳት። ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ ሐጂ በራሳቸውም በኩል ይለመንላቸው ብዬ፣ እሳቸው ሲሉ እንደምሰማው "ያ አላህ" አልኩ። ቅር የሚለው ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን ባገኘሁት በኩል ሁሉ ነው የለመንኩት።

በመጨረሻ ተጠራሁ። መርካቶ ያለው ነጋዴ ስልኩን አነሳ።

"ሐጂስ?" አልኩት።

"አሉ፣ ሻይ እየጠጡ ነው። ማን ልበላቸው?"

ወዲያው ያ ጎርናና ድምፅ "ሄሎ! ማነው?" አለ። እሪ ብዬ አለቀስኩ። ቴሌ ያለው ሰው በሙሉ ዞረ።

"አንቺ ነሽ? መደብሩ ተሰረቀ?"

ለቅሶዬ ባሰ።

"ይሰረቅ! ወላሂ ይቃጠል! አንቺ ምን ሆነሽ? ማን ነካሽ?"

"ሐጂ፣ ሞቱ ብለው ቴሌግራም ላኩብኝ።"

"ማን ሞተ? እኔ?"

እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውዬው ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ጀርባዬን እንዳየ መኪናውን ነድቶ መጥፋቱን ጎረቤቶች የነገሩኝ በኋላ ነው። ሐጂም ስለ እሱ አልጠየቁኝም።

"እቤት ነገርሽ?" አሉኝ።

"ኧረ ለማንም አልነገርኩም።"

"ከጠዋት ጀምሮ ሞቴን ብቻሽን ይዘሽ ተቀምጠሻል?"

"አዎ።"

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" አልኩ። ስልከኛዋ "ሦስት ደቂቃ አልቋል" ብላ በመሃል ገባች።

"አትቁረጪ አንቺ!" ብለው ጮኹባት፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው፣ "ሐኪሙ ዓይንህ እስኪድን እንዳታለቅስ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። "አሁን ምን ልበለው?"