ቆጠራው እስኪያልቅ

ረዚያ የፌንፋሩ ደሴት አዋላጅ ናት። በደሴቱ ድምፅ ከሚሰጡት ሦስት መቶ አራት ሰዎች ሁለት መቶ አሥሩን ሲወለዱ በእጇ የተቀበለቻቸው እሷ ናት፤ የቀሩት ወይ ከእሷ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወይ በጋብቻ ከሌላ ደሴት የመጡ። የልደት መዝገቡንም በዚያ ክብ ክብ ፊደሏ የምትሞላው እሷው ናት። ስለዚህ ባሕር ዳር ባለው ዳስ ተጎልተው ቀኑን ሙሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ዕድል የሚተነትኑት ወንዶች ለእሷ ተንታኝ አይደሉም። እትብታቸውን የቋጠረችላቸው ልጆች ናቸው፤ ሲወለዱም እንዲሁ ነበር የሚጮኹት።

በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ድምፅ ያገኘ ስለሌለ በመላው ማልዲቭ ሁለተኛ ዙር ተጠርቷል። ፕሬዚዳንቱ አርባ አራት ከመቶ፣ ተቀናቃኛቸው አርባ ስድስት። ከዚያ ወዲህ በዳሱ ሌላ ወሬ የለም።

"ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁለተኛ ዙር ከገባ አለቀለት" አለ የድሮው የጀልባ ካፒቴን ዳውድ ፉሉ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ።

"ኧረ ተው ዳውድ ፉሉ! የደቡቦቹ ድምፅ ገና መች ተነካና?"

"ደቡቡን ተወው። ሦስተኛ የወጣው ሰውዬ ደጋፊዎች ወዴት ይሄዳሉ? እስቲ እሱን ንገረኝ!"

ረዚያ ዓሣዋን ይዛ ስታልፍ አዩአት። ትልቅ ትንሹ ዳታ ነው የሚላት፣ እንደ ታላቅ እህት።

"ዳታ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂን፤ ሰውዬው ያሸንፋል አያሸንፍም?"

ዓሣዋን እንደያዘች ቆመች። "እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ፕሬዚዳንት ስታወጡ ስታወርዱ ትውላላችሁ። ልጄ ኒዩሻ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ውሃው በሸሸ ሰዓት ምጥ ቢይዛት በየት በኩል እንደምትወጣ የነገረኝ አንድ ወንድ የለም። የእሷንስ ዕድል ማን ይቁጠርላት?"

ወንዶቹ ባሕሩን ማየት ጀመሩ። ባሕሩን ማየት ሲችሉበት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሸዋው እስከ ጥልቁ ባሕር ሁለት መቶ እርምጃ የሚሆን የኮራል አለት ተዘርግቷል። ውሃው ሲሞላ ጀልባ በላዩ አልፎ አሸዋው ድረስ ይመጣል። ሲሸሽ ግን ጀልባው ውጭ ይቆማል፤ ሰው በጠፍጣፋ ታንኳ፣ ታንኳው አልሄድ ሲል ደግሞ በእግሩ፣ ምላጭ የመሰለውን ኮራል እየረገጠ ይሻገራል። የዛሬ አምስት ዓመት፣ እኚሁ ፕሬዚዳንት የተመረጡ ቀን፣ የረዚያ ወንድ ልጅ ሚስት ሻዝና ምጥ ላይ ሳለች ደም ፈሰሳት። ባሏ ለሥራ ሌላ ደሴት ነበር። የሆስፒታሉ ጀልባ መጥቶ ከአለቱ ውጭ ቆመ፤ ውሃው ግን ሸሽቷል። ረዚያ ሰው ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ወንዶቹ በሙሉ መስኮቱ ላይ ተደርድረው የድምፅ ቆጠራ ያያሉ። እንደ ደንቡ አስመራጩ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ጮክ ብሎም ያነባል፤ ይህን ማየት ለፌንፋሩ ወንድ ከኳስ ጨዋታ ይበልጥበታል።

"ስድስት ወንድ ስጡኝ!" ብላ ጮኸች።

"ዳታ፣ ሃምሳ ወረቀት ነው የቀረው፤ ቆጠራው እስኪያልቅ ብቻ!" ያላት ዳውድ ፉሉ ነበር።

ሦስት ሰው ተከተላት። ስድስት ሰው የሚሸከመውን ታንኳ ሦስት ሰው ምን ያደርገዋል? ሻዝና አለቱ መሃል ላይ፣ ጀልባው ፊት ለፊት እየታያት፣ በሆዷ ካለው ልጅ ጋር ሞተች። ልክ በዚያ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ የድል ጭብጨባ ተሰማ። ያን ጭብጨባ ረዚያ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

የዘንድሮው ደግሞ ይባስ ነው። ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሳምንት ሲቀረው "ወደብ ሊሠራላችሁ ነው" ተባለና ኤክስካቫተር የሚሉት መቆፈሪያ ማሽን ተጭኖ መጣ። አጥማጆቹ "ከውጭ፣ ከአለቱ ጫፍ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ለጀልባ በር ክፈቱልን" ብለው ለመኑ። ከዋና ከተማው ከማሌ የተላከው አለቃ ግን አሸዋው ጥግ አስቆፈረ፤ ካሜራ የሚያነሳው ከአሸዋው ነዋ! በር የሌለው ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ጀልባ አይገባበት፣ ሰው በእግሩ አይሻገርበት። ደሴቱ ተደልሎ ድምፁን ሰጠ፤ በማግስቱ ማሽኑ "ነዳጅ አለቀ" ተብሎ ቆመ። አሁን ሰው ሁሉ "የፕሬዚዳንቱ ኩሬ" ነው የሚለው። ድንቄም ወደብ!

ማክሰኞ ዕለት ሺሃም እየተፍነከነከ መጣ። ሺሃም የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰው ነው፤ ሲወለድ በእግሩ መጥቶ እናቱንም ረዚያንም ሁለት ቀን ያስለቀሰ ልጅ።

"ዳታ፣ የምሥራች! ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ይመጣሉ።"

"በስንት ሰዓት አልክ?"

"ዘጠኝ። ከማሌ ነው የተወሰነው። አንቺ ሴቶቹን ታሰልፊልኛለሽ፣ ለመጠጥ የሚሆን ኮኮናቱንም አንቺ ታቀብያቸዋለሽ። ሴቶቹ የሚሰሙት አንቺን ነው፤ ቢያንስ ዘጠና ድምፅ በእጅሽ ነው። ያኔ ማሽኑም ነዳጅ ያገኛል። ገባሽ አይደል?"

በደንብ ነው የገባት። ሐሙስ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ያን ቀን ውሃው ከወትሮው ይበልጥ ይሸሻል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቱ ላይ የሚቀረው ውሃ ታንኳ እንኳ በግድ ነው የሚያንሳፍፈው። ይህን ፌንፋሩ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ሺሃም ግን ማሌ ቢሮ ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጦ ጨረቃ ማየት ረስቷል።

"ሴቶቹን ለኔ ተወው" አለችው።

ለሴቶቹ የነገረቻቸው ግን ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ውሃው ሸሽቶ ከተገኘ ታንኳ ይላክለታል፤ ይህ የደሴቱ ወግ ነው፣ ለጠላትም አይቀርም። "ሐሙስ ታንኳ የለም" አለቻቸው። "ሻዝና ያለቀችበትን አለት በእግራቸው ይለፉበት።" ወንዶቹ ረቡዕ ለዓሣ ሲወጡ ሴቶቹ ታንኳዎቹን እየጎተቱ ዛፎቹ ሥር አስገቡና በኮኮናት ቅጠል ሸፈኑ። አንዷም ለባሏ ትንፍሽ አላለች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ኒዩሻ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። ረዚያ ሆዷን ዳሰሰች፤ ልጁ አግድም ተኝቷል። ይህ በአዋላጅ እጅ የሚወጣ አይደለም፣ ቀዶ ጥገና ነው። ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

"ጀልባችን የለም እናቴ" አለቻት ስልኩን ያነሳችው ሴት። "ለፕሬዚዳንቱ አጀብ ተብሎ ተወስዷል። ነገ ጠዋት ይሞክሩ።"

ነገ! ረዚያ ስልኩን ዘጋች። ከፍርሃቷ ቁጣዋ ነበር የሚበልጠው። ከዚያ የኒዩሻን ፊት በውሃ አበሰችና "አይዞሽ፣ ጀልባ እየመጣልን ነው" አለቻት።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ነጭ ፈጣን ጀልባ ከአለቱ ውጭ መጥቶ ቆመ፤ የአጀቡ ጀልባዎች ወደ ቀጣዩ ደሴት ቀድመው ሄደዋል። ሺሃም በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። "ታንኳዎቹስ? ኧረ ታንኳዎቹ የት ገቡ? ጉድ አፈላችሁብኝ እኮ!" ወንዶቹ ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ሴቶቹ ዝም። ጀልባው ላይ ሦስት ካሜራ አለ፣ ሁለተኛው ዙር ደግሞ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። መመለስ የማይታሰብ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ።

ሁለት መቶ እርምጃ ሲያዩት ቅርብ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቁ። አንድ ጫማቸው ኮራል ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። አሸዋው አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ የራሳቸው ኩሬ ተደቀነባቸው፤ ጠባቂዎቹ ደግፈዋቸው በዳር በዳሩ እየተንገዳገዱ ዞሩት። ሲወጡ እስከ ደረታቸው ርሰው ነበር፤ ባዶ የቀረው እግራቸውም ይደማል። ወንዶቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱ።

"እንዳታጨበጭቡ!" አለች ረዚያ።

እጆቹ ባሉበት ቀሩ። ከኋላዋ ኒዩሻ በገመድ መረብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታቃስታለች።

"ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ ልጁ አግድም ነው። የሆስፒታሉን ጀልባ እርስዎን እንዲያጅብ ወስደውብኛል። ስለዚህ በእርስዎ ጀልባ ትሄዳለች።"

ሺሃም ክንዷን ያዛት። "ዳታ፣ አፈር ስሆን! ንግግር አለ፣ ፕሮግራም አለ..."

"እጅህን አንሳ! በእግርህ ነው የመጣኸው፣ በእግርህ እንዳልመልስህ!"

ከሴቶቹ መሃል ሳቅ ፈነዳ። ካሜራዎቹ ወደ ኒዩሻ ዞሩ። ፕሬዚዳንቱ ካሜራዎቹን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ "ትሂድ፣ ቶሎ ትሂድ" አሉ። ከልባቸው ይሁን ከካሜራው፣ ረዚያ ለማወቅም አልፈለገች።

"ስድስት ወንድ ስጡኝ!" ብላ ጮኸች።

ፌንፋሩ እንደዚያ ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም። ለፕሬዚዳንቱ የጠፋው ታንኳ ለኒዩሻ ከቅጠል ሥር ወጣ። ስድስት ሲባል ሠላሳ ገባ። ኩሬውን አንሳፈፏት፣ አለቱ ላይ ሲደርሱ ታንኳውን ከነሰው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ከሁሉ ፊት ውሃው ውስጥ የገባው፣ በስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ ዳውድ ፉሉ ነበር። ረዚያ አየችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከኒዩሻ ጋር ሄደች። ረዚያ ቀረች፤ ከሰውዬው ጋር ጉዳይ ነበራት።

ጀልባው እስኪመለስ ፕሬዚዳንቱ መሄጃ የላቸውም። ዳሱ ውስጥ፣ ተንታኞቹ መሃል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሽርጥ አገልድመው ተቀመጡ። ሱሪያቸው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ስለ እሳቸው ወር ሙሉ ሲለፈልፉ የነበሩት ወንዶች ዝም ጭጭ አሉ። ሲጨንቃቸው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ጠየቁ።

"እናቴ፣ ሴቶቹ አንቺን ይሰማሉ አሉኝ። እዚህ ዕድሌ እንዴት ነው?"

"ሻዝና የነበራትን ያህል ነው።"

"ሻዝና ማን ናት?"

"አምስት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው አያውቋትም? የወንድ ልጄ ሚስት ነበረች። እርስዎ ያሸነፉ ቀን፣ እዚያ፣ ጫማዎ የቀረበት ጋ ነው የሞተችው። ለእሷም እንዲህ ጀልባ መጥቶ ነበር። ውሃና ስድስት ወንድ ነበር ያጣችው።"

ዳውድ ፉሉ አንገቱን ደፋ። ፕሬዚዳንቱም ወደ ኩሬው ዞር አሉ።

"ማሽኑ ወደ አለቱ ጫፍ ይሂድ" አለች ረዚያ። "ሌላ የምልዎት የለኝም።"

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ረዚያ አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ደስታ ነው ብለው ሊያቅፏት የመጡትን ሴቶች በእጇ መለሰቻቸው።

ቅዳሜ ማሽኑ ነዳጅ አገኘ። አለቱ ጫፍ ላይ ሄዶ መቆፈር ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ትንሽ ጀልባ የምታሳልፍ በር ተከፈተች። ወንዶቹ ወዲያው ወደ ልማዳቸው ተመለሱ። "አሁንማ እዚህ ጠራርጎ ይወስዳል!" ይላል አንዱ። "ይሄ ሰሜኑን በሙሉ ይነካል" ይላል ሌላው። ረዚያ ግን ቀኑን ትቆጥር ነበር። ሦስት ቀን! ለካ የሦስት ቀን ሥራ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የሻዝና መቃብር ያላንቀሳቀሰውን ነገር አንድ የረጠበ ሱሪ አንቀሳቀሰው። ለዚህ ነው አመስግኚ የሚሏት?

የምርጫው ቀን ተሰልፋ ድምፅ ሰጠች። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋና ቆጠራ ተጀመረ። ወንዶቹ እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። እዚያ መስኮት ደርሳ የማታውቀው ረዚያ ዛሬ መጥታ መሃላቸው ቆመች፤ ቦታ ለቀቁላት። አስመራጩ መምህር ናውሻድ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሳ ያሳያል፣ ያነባል፤ ዳውድ ፉሉ በእርሳሱ ይመዘግባል። ፕሬዚዳንቱ እየመሩ ነው። መቶ ሃምሳ ሲደርሱ ወንዶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

ናውሻድ አንድ ወረቀት ገለጠና ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"የተበላሸ ነው" ብሎ ወደ ጎን ሊያኖረው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ፊደሉን አወቀው። የእሱም የልደት ወረቀት በዚያው ክብ ክብ ፊደል ነው የተጻፈው።

"ምን ይላል?" አለች ረዚያ።

"ዳታ፣ የተበላሸ ድምፅ አይነበብም። ደንቡ..."

"አንብበው።"

"ኧረ ዳታ..."

"ቆጠራው እስኪያልቅ ብላችሁኝ አምስት ዓመት ጠበቅኳችሁ። አንብበው ናውሻድ!"

ዳውድ ፉሉ እርሳሱን አስቀመጠ። ናውሻድ ወረቀቱን፣ እንደሌሎቹ ሁሉ፣ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ሻዝና" ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ።

መስኮቱ ላይ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።