ቀሐ ወሰደብኝ ያልኳቸው ጨርቆች

ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ልጅ ጋር በቀሐ ወንዝ ዳር ስናልፍ፣ ውሃው የሸሸበት ድንጋይ ሁሉ ያበጠ ዳይፐር ታቅፎ አየን። እሷ የሦስት ወር ልጇን አቅፋ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ምን ዓይነት ሰው ነው ይኼን ወንዝ ላይ የሚጥል፣ አክስቴ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ።

አባቷ፣ ማለት ታናሽ ወንድሜ፣ ሲወለድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ቁስቋም ሰፈር ጨርቅ ገና ብርቅ ነበርና፣ መሪጌታው አባቴ ከለበሱት አሮጌ ኩታ የተቀደዱ ሰባት የሽንት ጨርቆች መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የጎረቤታችንን መንታዎች አሳድገው፣ በእጥበት ብዛት ለስልሰው ለወንድሜ ተመልሰው መጡ። በእንዶድ ታሽተው የግቢያችን ካብ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይነጣሉ፤ የሕፃኑ ገላ አንድ ቀን ሽፍ ብሎ አያውቅም፤ ያረጀው እንኳ አይጣልም፣ የፋኖስ መስታወት መወልወያ ይሆናል። እናቴ አራስ ስለነበረች ማጠቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ትለኛለች፤ ጨርቅ ተሸክሜ በጨርቅ መመረቄ ያስቀኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ገብቼ ስለነበር ኩራቴ አያድርስ ነው። በክፍላችን የቆዳ ቦርሳ የምትይዝ የዳኛ ልጅ ነበረች፤ ጓደኛዋ ለመሆን ያልሆንኩት የለም። አንድ የመስከረም ጧት፣ ሰባተኛውን ሕፃኑ ለብሶት ስድስቱን ወንዙ ዳር እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ገብቼ ሳሽ፣ ልጅቷ ከእህቶቿ ጋር ቁልቁል ስትመጣ አየኋት። ጨርቄን ማቄን ሳልል ስድስቱንም ለደራሹ ውሃ ለቀቅኳቸውና ፊቴን የምታጠብ መሰልኩ። እሷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ አለፈች።

ቤት ገብቼ «ቀሐ ወሰደብኝ» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ከመደቡ ተነሥታ እጄን እግሬን ዳሰሰችኝ።

«ምነው ልጄ፣ አንቺንስ ቢወስድብኝ! ጨርቅማ ይተካል፤ እንኳን ተረፍሽልኝ» አለች።

ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። በቤቱ ሌላ ጨርቅ ስላልነበረ፣ ለወንድሜ ክርስትና ልትለብሳት ያስቀመጠቻትን ባለ ጥለት ነጠላ ከሳጥኗ አወጣች፤ ጥቂት ዳበሰቻትና ቀደደቻት። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በአርባኛው ቀን ጎረቤት ባዋሰቻት ነጠላ ከሴቶቹ መካከል ቆመች፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ የተጣፈውን ጫፍ በእጇ ሸሽጋ ነበር። እኔ ብቻ እጇን አይ ነበር።

እነግራታለሁ ስል ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ እሷም አረጀች። በሸኘችኝ ቁጥር ያችኑ የጨርቅ ምርቃት ትመርቀኛለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ሳልነግራት ሞተች።

ቅዳሜ ለት የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ለወንድሜ ልጅ «እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኳት። «የአባትሽን ጨርቅ እዚህ ወንዝ የጣልኩ እኔ ነኝ።»

«አክስቴ ደግሞ ቀልድ ይወዳሉ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የልጇን ዳይፐር የቋጠረችበትን ፌስታል የምትጥልበት ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ለእኔ ስጪኝ» አልኳትና በገበያው መካከል፣ ሰው እያየኝ፣ እስከ ቤቴ ተሸክሜው ሄድኩ። በዘጠኝ ዓመቴ ይህን ያህል ብደፍር ኖሮ ያቺ ነጠላ እናቴ ትከሻ ላይ ትውል ነበር።