የሚስተር ራጁ ድስት

ባለፈው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነው... እዚሁ አዳማ፣ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ። አለቃችን ሚስተር ራጁ አንድ ድስት የሥጋ ወጥና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ይዘው ምሳ ወደምንበላበት ክፍል ገቡ።

ይሄ ምኑ ይገርማል እንዳትሉኝ። ሚስተር ራጁ ህንዳዊ ናቸው። አብረን ስንሠራ አራት ዓመታችን ነው፣ አንድም ቀን ከእኛ ጋር በልተው አያውቁም። ምሳ ሲደርስ ቢሯቸውን ዘግተው ለብቻቸው ነው የሚበሉት። እኛም «ኩራት ነው» ብለን ፋይላቸውን ዘግተናል። እኔማ ብሶብኝ «ጣዖታቸው ከልክሏቸው ይሆናል» ብዬ ሁሉ አውርቻለሁ... ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

«የልጅ ልጄ እሁድ ክርስትና ተነሣች» አሉን። «ሀገሬ ብሆን እደግስ ነበር። እዚህ ዘመዶቼ እናንተ ናችሁ።» (አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነው፣ እኔ ነኝ አቃንቼ የጻፍኩት።)

ስድስት ነን፣ ስድስታችንም ተያየን። አጠገቤ የምትሠራው ጥሩነሽ አላስቻላትም። «እንዴ ሚስተር ራጁ፣ ክርስቲያን ነዎት እንዴ?»

«ሐዋርያው ቶማስ እኮ እኛ ጋ ነው ያስተማረው» አሉ ፈገግ ብለው።

ቶማስ ህንድ መሄዱን ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ ስንቴ ሰምቻለሁ። ግን ያ ህንድ፣ ፊልም ላይ የሚጨፈርበት ህንድ መሆኑ አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም። ደንግጬ ሳልጨርስ ሰውየው በየሳህናችን ሩዝ ማውጣት ጀመሩ።

ጥሩነሽ ቀስ ብላ «ሥጋውን የት ገዙት?» አለች። እሳቸው ደስ ብሏቸው «ከድር ያሳየኝ ልኳንዳ» አሉ። ከድር የማሽን መካኒካችን ነው፣ የወለንጪቲ ልጅ። በዚያ ሰዓት ሶላት ላይ ነበር። እሱ የሚያሳየው ልኳንዳ ደግሞ በሩ ላይ ጨረቃ ያለበት፣ የሙስሊም ልኳንዳ ነው።

አለቀ። አንዱ ጨጓራውን አመመው። አንዷ ጠዋት አብዝታ በልታ ኖሯል። ጥሩነሽ ስልክ ተደወለላት... ስልኳ ሳይጮህ። እኔ ደግሞ ምላሴን ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ «ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉኝ።

አራት ዓመት የኛን ረቡዕና ዓርብ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። በጾም ስዋሽ ተያዝኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስተር ራጁ ጭልፋውን አስቀመጡት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«ምኑን?»

«የማን ዘር እንደሆንኩ።»

እኛ ሥጋው ላይ ነን፣ እሳቸው ሌላ ነገር ላይ ናቸው። ቀስ እያሉ ነገሩን። በተወለዱበት መንደር ከዘመዶቻቸው እጅ ውሃ የሚቀበል ሰው የለም፣ የነኩት ረክሷል ይባላል። አያታቸው ክርስቲያን የሆኑት ከዚህ ለማምለጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ተቀበላቸው... ግን ወንበራቸውን ለብቻ አደረገው። መቃብሩንም መሃል ላይ ግንብ አጠረበት።

ክርስቲያን ናቸው እኮ የምላችሁ። የአንድ ጥምቀት ሰዎች፣ በአንድ ግቢ ተቀብረው መሃላቸው ግንብ።

«መንግሥትስ ዝም ይላል?» አልኩ።

«ሕጋችን መንግሥት ሃይማኖት የለውም፣ ሁሉንም እኩል ያያል ይላል።»

«የኛም እንደዚያው ይላል» አልኩ።

«ግን እንደኛ ላለው ዘር ትምህርት ቤት የሚጠበቅ ቦታ አለ። ክርስቲያን ነኝ ካልክ ቦታውን ታጣለህ። ስለዚህ አባቴ ራጁ ብሎ በሂንዱ ስም አስመዘገበኝ። የክርስትና ስሜ ዳንኤል ነው።»

አራት ዓመት ሙሉ ስማቸውን እንኳ አናውቅም ነበር። ቢሮ ዘግተው የሚበሉትም ለካ ኩራት አልነበረም። ምግቤን ብዘረጋ አይነኩልኝም ብለው ፈርተው ነው። ደፍረው በከፈቱት ቀን ያደረግነውን አያችሁ አይደል...

በዚህ መሃል ከድር ገባ። «ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለና ድስቱን ከፍቶ አየ። ቢስሚላህ ብሎ ቁጭ። የክርስትናውን ድግስ የበላው እሱ ብቻ ነው!

ያኔ አፌ ተፈታ። «ሚስተር ራጁ፣ እጅዎን ተጸይፈን አይደለም። ማንም ምንም አልነገረንም። ከብቱን ያረደው ሙስሊም ስለሆነ ነው... እኛ አንበላም።»

ከድርን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ከድር እየጎረሰ መለሰልኝ። «እኔም የነሱን አልበላም። ስድብ አይደለም ሚስተር ራጁ፣ ልማዳችን ነው። ሰርግ ሲጠሩኝ ለኔ በኛ ሰው አሳርደው፣ በሌላ ድስት ሠርተው ያቀርቡልኛል። እኔም ስጠራቸው እንደዚያው። መከባበር ነው።»

«ሌላ ድስት...» አሉ ሚስተር ራጁ። «እሱን አውቀዋለሁ።»

ከድር እንኳ መጉረሱን አቆመ። እኔ ልማዳችንን ስጠብቅ ስድብ አስቤ አላውቅም፣ አሁንም አላስብም። ግን ሳህኔን ወደ ራሴ ሳብኩ። ሩዙን ለብቻው በላሁ። ሥጋውን አልነካሁም፣ እዚህም አልዋሽም።

ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና «ነገ ምስር አመጣለሁ። ምስር የሚያርደው የለም» አሉ።

እውነትም ዓርብ ምስር ይዘው መጡ። ከድርም ከጁምዓ መጥቶ አለ፣ እሳቸውም አሉ፣ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። «ሚስተር ዳንኤል፣ ያጉርሱኝ» አልኳቸው። ጠቅልለው አጎረሱኝ።

አራት ዓመት አብረን ሠርተን፣ አንድ ትሪ ላይ የተገናኘነው በጾም ቀን ነው።